ከመዝገብ ወደ ቃል ኪዳን፦ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች ሕግን በሕግ ክሊኒክ ማስተማር

በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሰብአዊ መብቶች ሕግን ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ተማሪው የስምምነቶቹን ስምና የጸደቁበትን ዘመን ያውቃል፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ከኢኮኖሚያዊና ከማኅበራዊ መብቶች የሚለዩበትን ነጥብ ለፈተና ሦስት ገጽ መጻፍ አይቸግረውም፤ በጄኔቫ የሚሰበሰቡትን ኮሚቴዎች ሥልጣን በዝርዝር ያስረዳል። ይኸው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተመድቦ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ከፊቱ ስትቀመጥ ግን የተማረው ነገር ከጉዳይዋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አይታየውም። ባለጉዳይዋ የመጣችው ለልጇ ቀለብ ለማስቆረጥ፣ የታሰረ ወንድሟን በዋስ ለማስፈታት ወይም አሠሪዋ የከለከላትን የሦስት ወር ደመወዝ ለማስከፈል ነው። ስለ ቃል ኪዳን የጠየቀችው ነገር የለም። ተማሪውም የሥነ ሥርዓት ሕግ ማስታወሻውን ይገልጥና የሰብአዊ መብት ደብተሩን ይዘጋል።

ያ ደብተር እንዳይዘጋ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ «የሰብአዊ መብት ክሊኒክ» የሚባል የተለየ ክፍል አቋቁሞ ተማሪዎች ለአህጉራዊና ለዓለም አቀፍ አካላት ሪፖርትና አቤቱታ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች ሕግ በክሊኒክ ሲሰጥ መነሻው የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ መሆን አለበት። ባንጁል ወይም ጄኔቫ የሚደርስ ጉዳይ ቢኖር እንኳ የሚደርሰው በዚያ መዝገብ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ነውና።

ክሊኒኮቹ የቆሙበት መሬት

የክሊኒክ ትምህርት በሀገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ጎልቶ የገባው በ1998 ዓ.ም. ከተዘጋጀው የሕግ ትምህርትና ሥልጠና ማሻሻያ በኋላ ነው። ማሻሻያው የትምህርቱን ዘመን ከአራት ወደ አምስት ዓመት አሳደገ፤ የመውጫ ፈተናን አስከተለ፤ ክሊኒክንና የተግባር ልምምድን የትምህርቱ አካል አደረገ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት በልዩ ልዩ ከተሞች እንዲከፈቱ ረድቷል።

ይህ የሆነበት ዘመን ልብ ሊባል ይገባል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ከልክሎ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ፣ ለብዙ ሴቶች የሕግ ምክር ይሰጡ የነበሩ ተቋማት አገልግሎታቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የመንግሥት ተቋማት ስለሆኑ ገደቡ በቀጥታ አልነካቸውም። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሮ ማኅበራቱ ወደ ሥራቸው ቢመለሱም፣ አቅም የሌለው ባለጉዳይ በብዙ ከተሞች ዛሬም የሚያንኳኳው የዩኒቨርሲቲውን ማዕከል ደጅ ነው። ከማዕከሉ ሌላ ያለው አማራጭ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው በገጽ የሚያስከፍሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። እነርሱ ደግሞ፣ በእውነት ለመናገር፣ የችሎቱን ልማድ ከማናቸውም ተማሪ በተሻለ ያውቁታል።

እንግዲህ የክሊኒኩ ተማሪ ከማመልከቻ ጸሐፊው የሚለይበት ነገር ሊኖረው ይገባል። ያ ነገር ዓለም አቀፍ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕጉ የባለጉዳይዋን ውጤት የሚለውጥ ሲሆን ነው። ለጌጥ የተጠቀሰ አንቀጽ ለእርሷ የሚጨምርላት የፎቶ ኮፒ ወጪ ብቻ ነው።

ሰበር ያሳየው መንገድ

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ አካሄድ በር ከፍቷል። በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ሆነዋል፤ በአንቀጽ 13(2) ደግሞ የምዕራፍ ሦስት መብቶች ከዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሰነዶች መርሆዎች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ታዟል። በትምህርት ክፍል ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው በእነዚህ አንቀጾች ዙሪያ የሚነሣው የንድፈ ሐሳብ ክርክር ነው፦ የስምምነት ደረጃ ከሕገ መንግሥት አንጻር የት ነው? ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ ያልታተመ ስምምነትስ በፍርድ ቤት ሊጠቀስ ይችላል? የሁለተኛው ጥያቄ መነሻ የታወቀ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ፍርድ ቤቶች በጋዜጣው የወጣን ሕግ እንዲቀበሉ ያስገድዳል፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 10/1984 ግን መጽደቁን ብቻ አውጆ የስምምነቱን ሙሉ ቃል አልያዘም። ክርክሩ ለሰሚናር መልካም ነው። ለክሊኒክ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መንገዱን ካሳየ ቆይቷል።

በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የተወሰነው ጉዳይ የሕፃን ሞግዚትነት ክርክር ነበር። በአንድ በኩል ልጁን ያሳደገች አክስት፣ በሌላ በኩል ወላጅ አባት ቆመዋል። የሥር ፍርድ ቤቶች በሕይወት ያለው ወላጅ በሕግ ሞግዚት ነው በማለት ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታየት ነበረበት ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ የተመረኮዘውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) እና በሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድድ ስለነበር፣ ውሳኔው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ይህ ውሳኔ በየኮርሱ ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን ስምምነት በፍርድ ቤት መሥራቱን ለማስረዳት ብቻ ነው። ለክሊኒክ የሚበልጠው ትምህርት ሌላ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ ፍሬ ነገርን አይደለም፤ ምስክር አይሰማም፣ ማስረጃ አይመዝንም። ልጁን ማን እንዳሳደገው፣ ከማን ጋር እንደኖረ፣ ከአባቱ ጋር ምን ያህል እንደሚተዋወቅ በሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ባይሰፍር ኖሮ የስምምነቱ አንቀጽ 3 የሚያርፍበት ነገር አያገኝም ነበር። በክሊኒክ የሚሠራ ተማሪ አንቀጽ 3ን ተምሬዋለሁ ሊል የሚገባው ባለጉዳይዋን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በአንቀጹ ምክንያት ሲለወጡ ነው። ስለ ሕፃኑ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሐኪሙ፣ ሌሊት ሲያመው ማንን እንደሚጠራ መጠየቅ ሲጀምር ስምምነቱ ከደብተር ወጥቶ ወደ ሥራ ገብቷል።

የጊዜ ቀጠሮ፦ አንድ ቃል በሦስት ጽሑፍ

ከሁሉ በላይ ጥልቅ ትምህርት የሚገኘው ክሊኒኮች ዘወትር ከሚገጥማቸውና እምብዛም «የሰብአዊ መብት ጉዳይ» ተብሎ ከማይጠራው ከጊዜ ቀጠሮ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የሚመራው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ባገለገለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቅድም። ሕጉ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደውን ቀን ሲወስን ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን ዝም ብሏል። ልዩ ሕግ ካልተጠቀሰ በቀር 14 ቀን በ14 ቀን ላይ ሊደረብ የሚችለው በዚህ ዝምታ ምክንያት ነው።

ተማሪው ይህን ዝምታ በምን ይሞላዋል? የመጀመሪያው ዝንባሌው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 9ን መጥቀስና «በዘፈቀደ መታሰር ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ነው። ዐቃቤ ሕጉ መልሱን ለማግኘት አይደክምም፦ እስሩ በሕግ በተደነገገው ሥርዓት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተፈጸመ ነው፤ ዘፈቀደው የቱ ላይ ነው?

እዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይመጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17(2) በእንግሊዝኛው ንባብ ከቃል ኪዳኑ ጋር አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀማል፤ የአማርኛው ንባብ ግን የሚከለክለው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ መያዝን ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ አማርኛው ነው። ሁለቱ አባባሎች ላይ ላዩን ቢቀራረቡም እኩል አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 35 የዘፈቀደ እስር ከሕገ ወጥ እስር የሰፋ መሆኑን አስረድቷል፤ በሕግ የተፈቀደ እስር እንኳ ተገቢነት፣ ተገማችነት፣ ምክንያታዊነት፣ አስፈላጊነትና ተመጣጣኝነት ከጎደለው የዘፈቀደ ይሆናል። የአፍሪካ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ያጸደቀው የሉዋንዳ መመሪያም በቅድመ ፍርድ እስር ላይ ተመሳሳይ አቅጣጫ ይከተላል።

እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ችግሩን አያየውም፤ አማርኛውን ብቻ ያነበበ ደግሞ መፍትሔውን አያገኘውም። አንቀጽ 13(2) የተጻፈው እንዲህ ላለው ክፍተት ነው። ስለዚህ ክርክሩ «አንቀጽ 17(2) ተጥሷል» ከማለት ይልቅ፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 59 የተሰጠውን የመፍቀድ ሥልጣን በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሲጠቀም አስፈላጊነቱን አዲስ ሊመዝን ይገባል የሚል ይሆናል። ሕገ መንግሥቱም ራሱ በአንቀጽ 19(4) ተጨማሪው ጊዜ ለምርመራው በጥብቅ በሚያስፈልገው መጠን እንዲወሰን ያመለክታል። የቃል ኪዳኑ ሥራ ይህን የሀገር ውስጥ ድንጋጌ ጥርስ እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

የሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ፣ ፍርዱ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች መካሄዱ ብዙ ጊዜ እንደ ችግር ብቻ ይነገራል። በክሊኒክ ውስጥ ግን ምናልባት ትልቁ የማስተማሪያ ዕድል ይኸው ነው። ተማሪ አንድን የቃል ኪዳን ቃል በችሎቱ ቋንቋ ለመጻፍ ሲቸገር የሚያጋጥመው ነገር የመዝገበ ቃላት እጥረት አይደለም፤ ጽንሰ ሐሳቡን ያልተረዳው መሆኑ ነው። «ተመጣጣኝነት» ብሎ ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው። የጥበቃ ሠራተኛ የሆነ ሰው ለጠፋ አንድ ሞባይል ስልክ ሦስተኛ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠየቅበት ተመጣጣኝነት ማለት ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ግን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው።

ባለጉዳዩ ራሱ የሚናገረው ክርክር

ሌላም ነገር አለ፤ የውጭ ሀገር የክሊኒክ መጻሕፍት ስለማያውቁት አይነግሩንም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የክሊኒክ ተማሪ በመምህሩ ክትትል ሥር ችሎት ቆሞ እንዲከራከር የሚፈቅድ ደንብ አለ። በኢትዮጵያ ተማሪው የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ምክር በመስጠትና አቤቱታ በመጻፍ ያበቃል። ችሎት የምትቆመው ባለጉዳይዋ ናት፤ ተማሪው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ጉድለትም ነው። ነገር ግን ለዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት የማያሻማ መመዘኛ ይሰጣል፦ ባለጉዳይዋ በራሷ አፍ ልታስረዳው የማትችለውን ክርክር በአቤቱታዋ ላይ መጻፍ እርሷን ማጋለጥ ነው።

ዳኛው ከአቤቱታው ላይ አንድ የጄኔቫ ሰነድ አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏት ዝም ማለቷ አይቀርም። ያ ዝምታ የጽሑፉን ባለቤትነት ያጠራጥራል፤ ሌላውንም ክርክሯን ያሳሳል። ስለሆነም ተማሪው የቃል ኪዳኑን ሐሳብ ወደ ተራ ጥያቄ መልሶ ለባለጉዳዩ ማስረከብ ይኖርበታል። ከላይ በተነሣው የጊዜ ቀጠሮ ጉዳይ ታሳሪው ሊናገረው የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ባለፈው በተፈቀደው 14 ቀን ፖሊስ ምን ሠራ? የቀረው ሥራ እኔ በዋስ ብወጣ የማይሠራው ለምንድን ነው?» የመጀመሪያው ጥያቄ ምክንያታዊነትን፣ ሁለተኛው አስፈላጊነትን ይዟል። እኅቲቱ ምግብ ስታደርስ ለወንድሟ ልትነግረው ትችላለች፤ የሕግ ሰው መሆን አያስፈልጋትም። አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 35 ወደ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲወርድ ክብሩ አይቀንስም።

በዚህ ላይ የባለጉዳይዋ ፈቃድ አለ። ጉዳይዋ ቀለብ ወይም ደመወዝ ሆኖ በፍጥነት እንዲያልቅ የምትፈልግ ሴት የአዲስ የሕግ ትርጉም መሞከሪያ እንድትሆን መምህሩም ሆነ ተማሪው ሊወስኑባት አይችሉም። የሀገር ውስጡ ሕግ ብቻውን ለመፍትሔ የሚበቃ ከሆነ ስምምነቱን አለመጥቀስ የሙያ ብልኅነት ነው። ተማሪ ስምምነትን ከአቤቱታ ላይ መሰረዝን ካልተማረ መጨመሩንም በወጉ አልተማረም። ይህን የሚመዝን የማርክ አሰጣጥ ግን ብዙም አይታይም፤ መምህራን የሚያርሙት የተጻፈውን እንጂ ሆን ተብሎ የተተወውን አይደለምና።

ባንጁል የሚጀምረው ከወረዳ ነው

ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የስምምነት ኮሚቴዎች ግለሰቦች አቤቱታ የሚያቀርቡባቸውን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች አልተቀበለችም፤ የአፍሪካን የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮልም ፈርማ አላጸደቀችም። ስለዚህ ከሀገር ውጭ ለግለሰብ አቤቱታ የቀሩት በሮች በዋነኛነት ሁለት ናቸው፦ ባንጁል ያለው የአፍሪካ ኮሚሽንና ቀድሞ አዲስ አበባ፣ አሁን ማሴሩ የሚገኘው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ባለሙያዎች ኮሚቴ። ለሁለቱም መግቢያው የሀገር ውስጥ መፍትሔዎችን አሟጦ መገኘት ነው።

ይህ ሕግ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት በአቤቱታ ቁጥር 341/2007 የተወሰነው የጠለፋ ጉዳይ ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው ተይዞ በዋስ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ ጠለፋት፤ በእጁ ሳለችም የጋብቻ ውል እንድትፈርም አስገደዳት። በጊዜው ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ መንገድ ይተው ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዋናው ተከሳሽ ላይ 10 ዓመት ፈረደ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው የቀረበው አቤቱታ ሁሉ ውድቅ ሆነ። ጉዳዩ በ2007 ለአፍሪካ ኮሚሽን ቀርቦ ውሳኔ ያገኘው በ2015 ነው። ኮሚሽኑ መንግሥት የልጅቱን የአካል ደኅንነት፣ ክብርና ነጻነት ባለማስጠበቁ ጥሰት መፈጸሙን ወስኖ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈል ጠየቀ፤ በጾታ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሟል የሚለውን ክርክር ግን አልተቀበለውም።

ከድርጊቱ እስከ ውሳኔው 14 ዓመት አለፈ። ሕጉ በመካከሉ ተለውጧል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን የጋብቻ ማምለጫ አስወግዷል። ለክሊኒክ ግን የበለጠ የሚያስተምረው የአድልዎ ክርክሩ መውደቅ ነው። አንባቢ ሁሉ አድልዎውን ያየዋል፤ ማየትና በማስረጃ ማሳየት ግን የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያለው ማስረጃ ደግሞ የሚሰበሰበው ወይም የሚጠፋው ገና ከታች ነው፤ በችሎት በተነገሩ ቃላት፣ በመዝገብ ላይ በሰፈሩ ምክንያቶች፣ በተመሳሳይ ጉዳዮች ግልባጭ ውስጥ። የቃል ክርክር ላይ ተነግሮ በመዝገብ ያልሰፈረ አባባል ባንጁል ሲደርስ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዘው ተማሪ፣ መዝገቡ ግልባጭ እንዲሰጥ የምትጠይቀው ባለጉዳይ፣ ይግባኙ በጊዜው መግባቱን የሚከታተለው መምህር የዓለም አቀፍ ክርክርን መሠረት እየጣሉ ነው፤ ጉዳዩ ከወረዳው ባያልፍ እንኳ።

የየል ዩኒቨርሲቲ የሎወንስታይን የሰብአዊ መብቶች ክሊኒክ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ተማሪዎችና መምህራን በጓንታናሞ ለተያዙ የሄይቲ ስደተኞች መንግሥታቸውን ከሰሱ። በስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ላይ የተመሠረተው ታላቁ ክርክር በሰኔ 1993 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ወደቀ። በዚያው ወር ግን ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው በመገኘቱ በካምፑ የተያዙት ስደተኞች እንዲለቀቁ አንድ የፌዴራል ዳኛ አዝዘዋል። ትእዛዙ የቆመው በሀገር ውስጥ ሕግና ከካምፑ በተሰበሰበ ዝርዝር ምስክርነት ላይ ነበር። ክሊኒኩ የሚወደሰው ብዙ ጊዜ በድፍረቱ ነው፤ ሰዎቹን ያስፈታቸው ግን ያ የምስክርነት ክምር ነው።

በተቃራኒው የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከአንድ የሴኔጋል ድርጅት ጋር ሆኖ በቁርአን ትምህርት ቤቶች ስም በዳካር ጎዳናዎች እንዲለምኑ ስለሚገደዱ ሕፃናት ለባለሙያዎች ኮሚቴው አቤት ብሎ በ2014 አስፈርዷል። እንዲህ ላለው ለብዙ ሕፃናት ለሚቀርብ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተስማሚ አመልካች እንደሆነ ጥርጥር የለውም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ሊያስቡበት ይገባል። ነገር ግን ከዓመት ዓመት የሚቆይ የምርምር ሠራተኛና በጀት ያለው የድኅረ ምረቃ ማዕከል የሚሠራውን፣ ሁለት መምህራን ያሉት ክሊኒክ መነሻው ሊያደርገው አይችልም።

ሪፖርት መጻፍም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2014፣ በ2019 እና በ2024 በሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ቀርባለች፤ ለቀጣዩ ክሊኒኮች አስተያየት ቢያስገቡ መልካም ነው። ከመቶ መዝገቦች የወጣ የአምስት ገጽ አስተያየት ከማንኛውም የዴስክ ጥናት ይበልጣል። መዝገብ ሳያዩ የተጻፈው ግን ቀድሞ የተጻፈን ደግሞ መጻፍ ነው። የምስለ ፍርድ ቤት ውድድርም የራሱ ጥቅም አለው፤ ሆኖም እዚያ ፍሬ ነገሩ ተጽፎ ይታደላል፣ በክሊኒክ ግን ፍሬ ነገሩ የሚወጣው ባለጉዳይዋ በፌስታል ይዛ ከመጣችው የተጨማደደ ወረቀት ውስጥ ነው።

የሴሚስተርና የመዝገብ ዕድሜ

ይህ ሁሉ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በአስተዳደር ጉዳዮች ነው። ሴሚስተር በአራት ወር ያልቃል፤ መዝገብ ግን በሴሚስተር አይዘጋም። ተማሪው ማርኩን ይዞ ሲሄድ ባለጉዳይዋ በክረምት ወር ቀጠሮዋን ይዛ ወደተዘጋ ቢሮ ትመጣለች። ክሊኒኩ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሴሚስተር የሚሰጥ ኮርስ ሊሆን፣ እያንዳንዱም ተማሪ መዝገቡን ለተተኪው በጽሑፍ ሳያስረክብ ውጤቱ ሊያዝ ይገባል። የርክክቡ ጽሑፍ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ በዚያ ገጽ ላይ ከቀጠሮ ቀንና ከይግባኝ ጊዜ ገደብ ቀጥሎ፣ የትኛው የስምምነት ድንጋጌ ለዚህ ጉዳይ እንደታሰበ፣ ለምን እንደተጠቀሰ ወይም ለምን እንደተተወ፣ ለእርሱ የሚያስፈልገው ፍሬ ነገር በመዝገብ ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ይጻፍበት። ለተመራማሪም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚህ ገጾች ተሰብስበው ሲነበቡ ዓለም አቀፍ ሕግ በወረዳ ችሎቶች የሚሠራበትንና የሚቀርበትን ቦታ የሚያሳዩ ይሆናሉ፤ የግለሰቦቹ ማንነት ተሰውሮ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ከሆነ።

የመምህሩ የሥራ ጫና ስሌትም አለ። 40 መዝገብ የሚቆጣጠር መምህር በብዙ ቦታ የሚቆጠርለት እንደ አንድ የክፍል ኮርስ ነው፤ እድገቱም የሚመዘነው ባሳተመው ጽሑፍ እንጂ ባስፈታው እስረኛ አይደለም። በዚህ ሁኔታ ጎበዙ መምህር ከክሊኒኩ ቶሎ ቢወጣ አይፈረድበትም። የጥብቅና ፈቃድ ያለው አንድ ቋሚ ባለሙያ በየማዕከሉ መቅጠር ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ በደንብ ቁጥር 57/1992 ተደንግጎ የቆየውን ግዴታ ከክሊኒኮች ጋር ማገናኘት ለጊዜው ሊያግዝ ይችላል። ጠበቃ ከጎኗ ሲቆም ባለጉዳይዋ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው የዳኛው ጥያቄ ብቻዋን መልስ አትፈልግም፤ ተማሪውም በአቤቱታው የጻፈው ክርክር በችሎት ሲፈተን ተቀምጦ ይሰማል።